ወይዘሮ ከዚያስ መሥሪያ ቤታችን የገቡ ጊዜ

ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሲጠይቁት የሚመልስና ሲጠይቁት መልሶ የሚጠይቅ። ሁለተኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዳንዴ አክስት ሆኖ ይመጣል፣ አንዳንዴ ጎረቤት፣ አንዳንዴ የጥርስ ሐኪም። «ራሴን አመመኝ» ስትሉት ክኒን በማቀበል ፈንታ «ከመቼ ጀምሮ? ትናንት ከማን ጋር ዋልክ? ምን ተባባላችሁ?» ይላል። ራስ ምታቱ ሳይለቃችሁ ከአማታችሁ ጋር ያላችሁ የሰባት ዓመት ቂም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ያለ ሰው ለአንድ ቤተሰብ አንድ ሲደርሰው እንደምንም ይቻላል። ቢሮና ደመወዝ ተሰጥቶት ሦስት ሺህ ሠራተኛ ላይ ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን ግን እኔን ጠይቁኝ። እኔ እንኳ ሲጠይቁኝ የምመልስ ሰው ነኝ።

የምሠራው በከተማችን ውሃ ድርጅት ነው፤ የአቤቱታና የፈጣን ምላሽ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት በዚያ ወንበር ስቀመጥ ስሜ ቀስ በቀስ ተረሳና «ጋሽ መፍትሔ» ሆኜ ቀረሁ። ስሙን አልወደውም ብል ውሸት ይሆናል። ጠዋት ከኮረብታው ሰፈር ስልክ ይደወላል። «ውሃ ከሄደ ሦስት ቀኑ። ልጆቹን በምን እንጠብ?» ትላለች አንዲት እናት። ደብተሬን ገልጬ ቀኑንና ሰዓቱን እጽፋለሁ፤ ከዚያ ፓምፕ ጣቢያ ደውዬ «ግፊቱን ጨምርልኝ» እላለሁ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሴትየዋ መልሳ ትደውላለች። «ወንድሜ፣ ክፉ አይንካህ።» ስልኩን ሳስቀምጥ ትከሻዬ በሁለት ጣት ይሰፋል። ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ሥራ አስኪያጁ የፈረሙባቸው ሰባት የምስጋና ወረቀቶች በመስታወት ተሰቅለዋል።

ከዚያ ግድግዳ ወዲያ የጥገና ቡድኑ አለቃ ይቀመጣል። በአንድ ቀን የተቀጠርን፣ ልጆቻችን አብረው ያደጉ ወዳጄ ነው፤ መላው መሥሪያ ቤት «አለቃ» ብቻ ይለዋል። የእሱ ሥራ መቆፈር ነው። ቧንቧ በፈነዳ ቁጥር የቡድኑን ልጆች ይዞ ይወጣል፣ ጭቃ ለብሶ ይመለሳል፣ እሱም በራሱ ደብተር ይጽፋል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለለት ነገር የለም። የተጠገነ ቧንቧ ከአፈር በታች ነው፤ ማን ያየዋል?

እንዲህ ተሳስበን ስንኖር ሥራ አስኪያጁ አዳራሽ ሰበሰቡን። «ከዛሬ ጀምሮ ሥርዓታዊ አስተሳሰብ የሚባል ነገር እንማራለን» አሉ። «ችግርን ለብቻው ነጥሎ ከማየት፣ ከምን ጋር እንደተያያዘ ማየት ማለት ነው። አንዲት ባለሙያ ለአንድ ዓመት ያሠለጥኑናል። የፈለገም በግል ቀርቦ ይመካከራቸዋል።» አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ቦርሳ ይሰጣሉ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ያለፈው ዓመት ስልጠናችን ስለ ሰዓት አጠቃቀም ነበር፤ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ነው የተጀመረው። ከእሱ የተረፈን ቦርሳው ብቻ ነው።

ባለሙያዋ ገቡ። አጠር ያሉ፣ ዕድሜያቸው አርባን ያልዘለለ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ፀጉራቸው ውስጥ እርሳስ ሰክተው የረሱ ሴት። በስክሪን የሚያሳዩት ነገር አልነበራቸውም። ከቦርሳቸው አንድ ጥቅል የሹራብ ክር አወጡ። ከየክፍሉ የተውጣጡ ሠላሳ ሰዎች አቁመው «ሥራዎ ያለ ማን አይሆንም? ክሩን ለእሱ ያቀብሉ» አሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አዳራሹ የሸረሪት ድር መሰለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እስቲ ጋሼ፣ የእርስዎን ቀስ አድርገው ይሳቡት።»

ሳብኩት። ወዲያ ማዶ የቆመው አለቃ እጁ ተነቅንቆ የያዘው ሻይ ሸሚዙ ላይ ተደፋ። ሰው ሳቀ።

«የተሰማው እጁን ያውጣ» አሉ። ዐሥራ ዘጠኝ እጅ ወጣ። «ከዚያስ?» አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

«ከዚያማ ክሩ ተጠቅልሎ ምሳ ይኬዳል» አልኳቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ፤ ያውም ከልባቸው። ያናደደኝ ይኼ ነው። ሰውን በነገር ብትወጉት መቁሰል አለበት።

«ወይዘሮ ከዚያስ» የሚለውን ስም ያወጣሁላቸው ያን ቀን እዚያው ምሳ ላይ ነው። ለማሾፍ ነበር። በሳምንቱ ሰው ሁሉ በፍቅር ይጠራቸው ጀመር፤ የሠራሁት ስም ከእጄ ወጥቶ የእሳቸው ጌጥ ሆነ። አንቱ የምላቸውም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከአክብሮት አልነበረም። አንቱታ አጥር ነው፤ ሰው እንዳይጠጋችሁ ስትፈልጉ በአክብሮት ታጥሩታላችሁ።

ለክብርት ወይዘሮ ከዚያስ የተሰጣቸው ክፍል የድሮ የጽሕፈት መሣሪያ መጋዘን ነበር። ሁለት ወንበር አስገቡ፤ ጠረጴዛ አልፈለጉም። ሰው አንድ በአንድ እየገባ ያማክራቸው ጀመር። ማማከር እንኳ አይባልም፤ እሱ ያወራል፣ እሳቸው «ከዚያስ?» ይላሉ። ቀልዱ እሳቸው ምንም አለመናገራቸው ነው። እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስናገር የኖርኩ ሰው፣ ምንም የማይናገር ሰው በር ላይ ወረፋ ሲያዝ ቆሜ አየሁ።

ንብረት ክፍላችን ውስጥ «የለም» የምንለው ሰው አለ። ብሎን ብትጠይቁት የለም፣ ጓንት ብትጠይቁት የለም፤ ከኋላው የተቆለለው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። እሳቸው ዘንድ ገብቶ አንድ ሰዓት ቆይቶ ወጣ። በማግስቱ የቫልቭ ጎማ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና «ልፈልግ» አለኝ። በጆሮዬ ሰማሁት። ይህን ሰው ሦስት ሥራ አስኪያጆች መክረውት፣ አንዱ አስጠንቅቀውት፣ አንዱ ለምነውት ነበር።

የበሩ ጥበቃም እሳቸው ዘንድ ከመግባት አልቀረም። እንደ ልማዴ መኪናዬን መግቢያው አጠገብ ሳቆም ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ሲያቆሙ የጥገናው መኪና በየት ይወጣል?» አለኝ። በትሕትና ነው ያለኝ። ብቻ ማታ እንቅልፍ ነሳኝ።

የባሰው ቤቴ ገባ። አንድ ቀን መነጽሬን ረስቼ ሚስቴ ልታደርስልኝ መጣች። ኮሪደሩ ላይ ከወይዘሮ ከዚያስ ጋር ተገናኙ። እኔ ደግሞ ያለ መነጽር ወረቀት አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ። ማታ ራት ስንበላ ሚስቴ ሹካዋን አስቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«እሳቸው ናቸው አይደል የላኩሽ?»

«ማንም አልላከኝም። እዚህ ቤት ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፣ በር ሲላላ፣ ልጅ ሲያኮርፍ አንተ ተነሥተህ ታበጃለህ። እናመሰግናለን። እንዴት እንደሚበጅ ግን ለአንዳችንም አሳይተኸን አታውቅም። ለምንድነው?»

ራቴን ትቼ ተነሣሁ። ቅናት እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ሲጀምር በአንድ በኩል ብቻ ታኝካላችሁ፣ ኋላ ላይ ጭራሽ መብላት ትተዋላችሁ።

ቀናሁ፤ ምን ልደብቃችሁ። ወደ መጸዳጃ ቤት ስሄድ ሆን ብዬ በመጋዘኑ በኩል እየዞርኩ ወረፋውን እቆጥር ነበር። አንድ ማክሰኞ ዐሥራ አራት ሰው ቆጠርኩ፤ ሁለቱ የእኔ ክፍል ሠራተኞች ናቸው። እኔም ዝም አላልኩም። «ፈጣን መፍትሔ፤ ከልምድ የተገኘ ትምህርት» የሚል ማስታወቂያ ለጠፍኩና አዳራሹን አስከፈትኩ። ሰባት ሰው መጣ። አንዱ እንቅልፍ ፈልጎ ነው፣ አንዱ የጠፋ ጃንጥላውን። ከኋላ ተቀምጠው ማስታወሻ የያዙት ራሳቸው ወይዘሮ ከዚያስ ነበሩ። ሲያልቅ መጥተው «ጋሼ፣ የዛሬው ብዙ አስተማረኝ» አሉኝ። ሐሞቴ ፈሰሰ። ለምፀት መልስ አለኝ፤ ለቅንነት ግን ምን ይመለሳል?

በሳምንቱ ቢሮዬ መጡ። ወንበር ስባ እንደምትቀመጥ ዘመድ ተቀመጡ።

«ከአለቃ ጋር ደብተሩን አብረን አየነው» አሉ። «ቧንቧ የፈነዳባቸው ቀኖች በሙሉ ተጽፈዋል። እርስዎም ደብተር ይይዛሉ ብሎኛል። ጎን ለጎን ብናያቸው አንድ ነገር የምናገኝ ይመስለኛል።»

«የእኔው ጠፍቷል» አልኳቸው።

ደብተሩ ክርኔ ሥር ነበር። ክርኔን ተደግፌበት ነው የዋሸሁት። እሳቸው ወደ ክርኔ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ እና «እሺ ጋሼ፣ ሲገኝ» ብለው ወጡ። ለምን እንደከለከልኳቸው ያኔ ብትጠይቁኝ ባልነገርኳችሁ ነበር። ዛሬ ግን አውቀዋለሁ። ያ ደብተር የእኔ ዝና ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ማን እንደደወለ፣ እንዴት እንደፈታሁ። ለሰው ከሰጠሁት ምን ይቀረኛል ብዬ ነው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ሐሙስ ጠዋት የድሮ ገበያ መንገድ ላይ ቧንቧ ፈነዳ። እዚያ መንገድ በዚያ ዓመት ሲፈነዳ አምስተኛው ነው። አለቃ ልጆቹን ይዞ ወጣ። አፈሩ አራት ጊዜ ተቆፍሮ አራት ጊዜ ተመልሶ ላልቷል፤ እሱ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ቧንቧውን ሲፈትሽ ግድግዳው ተንዶ እስከ ወገቡ ቀበረው። ልጆቹ በእጃቸው ጭምር ቆፍረው አወጡት። ሕይወቱ ተረፈ፤ ግራ እግሩ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር።

ከሥራ ስወጣ ሆስፒታል ሄድኩ። እግሩ በጀሶ ታስሮ፣ ጥፍሩ ውስጥ ጭቃው እንዳለ፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ብርቱካን ይዤለት ነበር፤ አልላጠውም። ስለ ልጆቻችን አወራን፣ ስለ ሐኪሙ አወራን። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«ደብተርህ ጠፋ አሉ።»

አልጋ ልብሱን አስተካከልኩለት።

«ሠላሳ ዓመት ስትሠራ እስክሪብቶ እንኳ ጠፍቶብህ አያውቅም» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ብርቱካኑን አነሣና «ለሚስቴ ስጣት፣ ውጭ ናት» አለኝ።

ሰው ሲሰድባችሁ ትቀላላችሁ፤ ወዳጅ ሲያፍርላችሁ ነው የምትሞቱት።

በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይገባ የመጋዘኑን በር አንኳኳሁ። ደብተሬን ዘረጋሁላቸው። «ተገኘ» አልኩ። «አልጠፋም ነበር።»

አልተቀበሉኝም። የአለቃን ደብተር ከቦርሳቸው አውጥተው «እርስዎ የእርስዎን ያንብቡ፣ እኔ የእሱን አነባለሁ» አሉ።

«ሰኞ፣ ከኮረብታው ተደወለ። ግፊት ጨምር» አነበብኩ።

«ረቡዕ፣ ገበያ መንገድ። ፈነዳ» አነበቡ።

«በወሩ፣ ዓርብ፣ ከኮረብታው ተደወለ። ግፊት ጨምር።»

«እሑድ፣ ገበያ መንገድ። ፈነዳ።»

እንዲህ እየተቀባበልን ስንሄድ ዘጠነኛው ላይ ማንበቤን አቆምኩ። ግፊቱን ያስጨመርኩት እኔ፣ የድሮው ቧንቧ ግፊቱን አልችል ብሎ የፈነዳው ከታች። አለቃ ሊቆፍር ሲወጣ የኮረብታውን ቫልቮች፣ ውሃውን የሚከፍቱትንና የሚዘጉትን፣ የሚጠግን ሰው ይጠፋል። ቫልቮቹ ሳይጠገኑ ሲቀሩ ኮረብታው እንደገና ውሃ ያጣል። እናትየዋ እንደገና ትደውላለች፣ እኔ እንደገና እፈታለሁ፣ እንደገና እመሰገናለሁ። ሁለቱ ደብተሮች በአንድ ስስ ግድግዳ ተለያይተው ዐሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ኖረዋል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔ የባሰ ነው፣ የሰውን ያሳረርኩት እያማሰልኩ ነው።

አሁን «ከዚያስ?» ይሉኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። አላሉም። ከዚያ ፀጉራቸው ውስጥ ያለውን እርሳስ አውጥተው በእጃቸው እያሽከረከሩ ነገሩኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ የምርት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ማሽን እንዳይቆም ብለው ፍተሻውን ያሳጥሩ ነበር፤ በዚህም ሁለት ጊዜ ተሸልመዋል። አንድ ቀን ያልተፈተሸ ማሽን የአንዲት ሠራተኛ ሁለት ጣት ወሰደ።

«ማንም አልወቀሰኝም ጋሼ። ሽልማቱ ግድግዳዬ ላይ ነበር» አሉኝ። «ይህን የደብተር ነገር ለማንም አልናገርም። የእርስዎ ነው። ቢናገሩትም ባይናገሩትም።»

«ልጄ» አልኳት። አፌ ነው እንጂ እኔ አላሰብኩትም። «እኔ እናገረዋለሁ። አንቺ ግን አጠገቤ ተቀመጪ።»

«እቀመጣለሁ ጋሼ» አለችኝ። አንቱታው ያን ጠዋት እዚያው ክፍል ቀረ፤ አጥሩን ማን እንዳፈረሰው አላውቅም፣ መልሼ ግን አላጠርኩትም።

ሰኞ በኃላፊዎች ስብሰባ ተነሥቼ ሁለቱን ደብተር አነበብኩ። ስጨርስ ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ታዲያ ጥፋቱ የአንተ ነዋ?»

«አዎ» ልል አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ። ድምፅዋን አልጨመረችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅ? ጋሼ በደወሉ ቁጥር የምስጋና ወረቀት ሲሰጣቸው፣ የሚፈርመው ማን ነበር?»

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። በመጨረሻ «እሺ፣ ምን እናድርግ?» አሉ። በእኔ ዘመን ይህችን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ያደረግነው ከባድ አልነበረም፤ መታገሡ ነው የከበደው። ግፊቱ ላይ ጣሪያ ተደረገ፤ እኔም ብሆን ከዚያ በላይ አላስጨምርም። ከአለቃ ቡድን ሁለት ሰው ቧንቧ ቢፈነዳም ባይፈነዳም ከኮረብታው ቫልቮች እንዳይነሣ ተወሰነ። ለኮረብታው ሰፈር ውሃ በፕሮግራም መሰጠት ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት መከራ ነበሩ። ክፉ አይንካህ ስትለኝ የኖረችው እናት «ድሮ ሰው ነበርክ» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ያን ቀን መጋዘኑ ወረፋ ላይ ቆሜ ተራዬን ጠበቅሁ፤ ከፊቴ «የለም» ነበር፣ ከኋላዬ ጥበቃው። ገብቼ ግማሽ ሰዓት አማረርኩ። እሷ አንድም መፍትሔ አልሰጠችኝም። ስወጣ ግን ለሴትየዋ ራሴ ደውዬ ግፊት ስጨምርላት ከታች ምን ይሆን እንደነበር፣ የሰው እግር እንደተሰበረ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ይህን ቀድመህ ብትነግረን በጀሪካን እንይዝ አልነበር?» አለችኝ።

ስድስት ወር ሲሞላ የድሮ ገበያ መንገድ አንድ ጊዜ ብቻ ፈንድቶ ነበር። አለቃ በከዘራ እየተደገፈ ወደ ሥራ ተመለሰ። በሁለታችን መካከል ያለው ግድግዳ ላይ መስኮት አስከፈትን፤ አሁን ሻይ የምንቀባበለው በዚያ ነው። ያን ውሸቴን ግን እስካሁን አላነሣብኝም፣ እኔም ይቅር በለኝ ለማለት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ስለ አየሩ አውርቻለሁ።

ዓመቱ አለቀና ውሏም አለቀ። የከተማው አውቶቡስ ድርጅት ወሰዳት። የመሰናበቻው ቀን ሁሉም ስጦታ ያዘ፤ እኔ ምንም አልያዝኩም። አስቤ ያገኘሁት ሁሉ አነሰብኝ። እጄን ጨብጣ «ጋሼ፣ አይጥፉ» አለችኝ፤ እኔም «ሂጂ፣ ሥራ አለብኝ» አልኳት። መጋዘኑ ባዶውን ቀረ። ለአንድ ሳምንት ያህል ሰው በዚያ በኩል ሲያልፍ አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር። እኔም በዚያ በኩል ነው የማልፈው።

አሁን በአራተኛው ወር የአውቶቡስ ድርጅቱ የስምሪት ኃላፊ ደወለልኝ። አላውቀውም፤ ድምፁን ግን አወቅሁት፣ የአምናው የእኔው ነው። የተናደደ ጎልማሳ ድምፅ፣ የማይሸነፍ።

«እናንተ ዘንድ የነበረች አንዲት ሴት እኛ ላይ ተልካብናለች» አለ። «ሃያ ዓመት መስመር የመደብኩ ሰው ነኝ። አሁን ሹፌሩ ሁሉ እሷ ዘንድ ነው። ትናንት ሦስት ሰዓት ይዛቸው ቆየች፣ እየሳቁ ወጡ። እርስዎ እንዴት ነበር የተገላገሏት?»

ሦስት ሰዓት። እኛ ዘንድ እኮ ሁለት ሰዓት አልፋ አታውቅም። ዓመት ሙሉ በእሷ ስቀና ኖሬ፣ አሁን ደግሞ እሷን ባገኘ ሰው ሁሉ ልቀና ነው። ለሹፌሮች ሦስት ሰዓት።

«አላስፈለገቻችሁም ማለት ነው?» አልኩት።

«እኔን አላስፈለገችኝም።»

«እንግዲያው አታስቸግሯት። ዛሬውኑ መኪና ልኬ አስመጣታለሁ።»

ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ኧረ... እንደሱ ማለቴ እንኳ አይደለም» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ሹፌሮቹ ደስ አይላቸውም።» ከዚያ ቶሎ ብሎ ተሰናብቶኝ ዘጋው።

ቀልድ መስሎት ይሆናል። እኔ ግን የመሥሪያ ቤታችንን ሹፌር ጠርቼው፣ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።